ስሜን ብቀይር ያለፈው ይለቀኛል?

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስቱም ደብዳቤዎች ከጅማ የመጡ ናቸው። ሦስቱም በየፊናቸው ስለ ስም ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዋ ጉዳይ ከበድ ስለሚል እሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሄርማታ አካባቢ ነው። ከባለቤቴ ጋር በፍርድ ቤት ከተፋታን ቆየን፤ እኔ ፈትቼዋለሁ፣ እሱ ግን አልፈታኝም። ሱቄ በር ላይ መጥቶ ይቆማል። ስልክ በቀየርኩ ቁጥር ቁጥሬን ከየት እንደሚያገኘው አላውቅም። አብረን ሳለን የወሰድነው ብድርም አለ፣ ፈርሜበታለሁ። አሁን የምፈልገው ስሜን በሕግ ቀይሬ፣ አዲስ መታወቂያ ይዤ፣ ማንም የማያውቀኝ ከተማ ሄጄ እንደ አዲስ መኖር ነው። አንድ ደላላ በሳምንት ውስጥ በፈለግሽው ስም መታወቂያ አወጣልሻለሁ ብሎኛል። እሱ ይሻላል ወይስ ፍርድ ቤት ልሂድ? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደላላውን እንሸኘው፣ የሱ ጉዳይ ቶሎ ያልቃል። ሐሰተኛ ሰነድ ማውጣትም በሱ መገልገልም ወንጀል ነው። ተበድለሽ ሳለ ተከሳሽ ሆነሽ ቁጭ ትያለሽ። ደግሞ አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ። ስትመዘገቢ የአሥር ጣትሽን አሻራ፣ የሁለቱን ዓይንሽን አሻራና የፊትሽን ፎቶ ይወስዳል። በሌላ ስም ሁለተኛ ልመዝገብ ብትይ ሲስተሙ ይለይሻል። ስምሽን እንጂ ጣትሽን አትቀይሪም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ስም መቀየር ይቻላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቂ ምክንያት ላለው ሰው ፍርድ ቤት ስሙን እንዲቀይር ሊፈቅድለት እንደሚችል ይናገራል። (ያው ሕግ የቤተዘመድ ስም የሚባል ነገርም አምጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ከቁብም ሳይቆጥረው እስከ ዛሬ በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። በዚህ የተነሳ እኛ አገር ሴት ስታገባም ስትፈታም ስሟ አይነካም። አንቺም ከሱ የወሰድሽው ስም የለም ማለት ነው።) ማመልከቻ ታስገቢያለሽ፣ ቃለ መሐላ ትሰጫለሽ፣ መታወቂያሽን ታያይዣለሽ፣ የሚያውቁሽ ሰዎች ሊመሰክሩ ይችላሉ። በኦሮሚያ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጻፈው። ራስሽ የማትጽፊው ከሆነ ማመልከቻ የሚጽፉትን ሰዎች ፍርድ ቤቱ አካባቢ አታጫቸውም፣ ሰነዱ ላይ ከመፈረምሽ በፊት ግን ምን እንደጻፉልሽ ቃል በቃል አስነብቢ።

አሁን ላንቺ ዋናው ነገር መጣ። ስም ለመቀየር ስትጠይቂ ፍርድ ቤቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ሊያስወጣ ይችላል፤ በጋዜጣ ሊሆን ይችላል፣ ሰሌዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ማስታወቂያው ላይ ደግሞ የድሮውም አዲሱም ስም ጎን ለጎን ይጻፋል። የምትሸሺው ሰው አዲሱን ስምሽን ከማንም ቀድሞ ሊያውቀው ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ የምትሄጂ ከሆነ የሚያሳድድሽ ሰው እንዳለና ማስታወቂያው አደጋ እንደሚያመጣብሽ ማመልከቻው ላይ በግልጽ ይጻፍ። ዳኛው ይቀበለዋል ብዬ ቃል አልገባልሽም፣ ሳይነገረው ግን ሊያስብበት አይችልም።

ተፈቀደልሽ እንበል። ማኅተም ያረፈበትን የውሳኔ ግልባጭ ይዘሽ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ትሄጃለሽ፣ ቀበሌ ትሄጃለሽ፣ ፋይዳ ታሳርሚያለሽ፣ ከዚያ ባንክ፣ ግብር፣ ንግድ ፈቃድ፣ ፓስፖርት። የሄድሽበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የድሮ ስምሽን ነው። የትምህርት ማስረጃሽ ላይ ያለው ስም እዚያው ከቀረ ደግሞ ሥራ በፈለግሽ ቁጥር የፍርድ ቤቱን ወረቀት ከዲፕሎማው ጋር ይዘሽ መዞር ነው። አሮጌው ስም ሞቶ አይቀበርም፣ ከአዲሱ ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ይኖራል። ብድሩም እንደዚያው ነው። አበዳሪው ያበደረው ለስሙ አይደለም፣ ለፈረመችው ሴትዮ ነው። ስም ቀይረሽ ብትሄጂም ዕዳው ይከተልሻል፣ ወለዱም አብሮ። ይልቅ ከመሄድሽ በፊት አበዳሪው ዘንድ ሄደሽ ምን ያህል እንደቀረ በጽሑፍ ተቀበይ። ብድሩ በትዳር ውስጥ ለቤተሰቡ ጥቅም የተወሰደ ከሆነ እሱም ድርሻ አለበት፣ በንብረት ክፍፍሉ ላይ ታይቶ እንደሆነም አጣሪ።

እኔን ከጠየቅሽኝ ከስምሽ ይልቅ አድራሻሽ ላይ ብትሠሪ ይሻላል። በር ላይ መቆሙ፣ ማስፈራራቱ፣ ስልክ ማሳደዱ ፖሊስ ጋ ይመዝገብ፤ ጣቢያው ላይ የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው ክፍል የቱ እንደሆነ ጠይቂ። የመጣበትን ቀን፣ ያየ ጎረቤት ካለ ስሙን፣ የላከውን መልእክት ሁሉ አስቀምጪ፣ ተናደሽ አታጥፊው። ጠበቃ መክፈል ካቃተሽ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ እዚያ ሄደሽ ጉዳይሽን ንገሪያቸው። ከተማ ስትቀይሪ ከቀበሌ መሸኛ ማውጣትሽ አይቀርም። መሸኛው ላይ የምትሄጂበት ቦታ ይጻፋል። ቀበሌ ውስጥ የሱ ዘመድ ወይም ወዳጅ ካለ መሸኛውን የሚጽፍልሽ ማን እንደሆነ አስቀድመሽ አጣሪ፣ ለኃላፊውም ብቻሽን ገብተሽ ምክንያትሽን አስረጂ። ሰው ጠፍቶ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በስሙ አይደለም፣ በዘመድ አፍና በቀበሌ ወሬ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድማችሁ ነኝ፣ ከአጂፕ። በጠብ ምክንያት ቀላል እስራት ተፈርዶብኝ ጨርሼ ከወጣሁ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ሾፌር ነኝ። ሥራ ባገኘሁ ቁጥር ከወንጀል ነፃ የሚል ወረቀት አምጣ ይሉኛል፣ እዚያ ላይ እወድቃለሁ። ስም ብቀይር ይረዳኛል?

መልስ፦ አይረዳህም ወንድሜ። ያንን ወረቀት ለማግኘት አሻራ ትሰጣለህ፣ አሻራህ ደግሞ ያው ነው። ላንተ ከስም የተሻለ መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ነው እንጂ። የወንጀል ሕጋችን ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለቀላል እስራት ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። አንተ ሦስት ዓመት ካለፈህ በጊዜው በኩል ደርሰሃል። በመሀል ሌላ ጥፋት ተፈርዶብህ እንዳይሆን፣ ጠባይህ ጥሩ እንዲሆን፣ ለተበዳዩ ካሣ ክፈል ተብለህ ከነበረም የቻልከውን ያህል ከፍለህ እንዲሆን ይፈለጋል። የካሣ ደረሰኝ ካለህ ፈልገው። የመዝገብ ቁጥርህንና ከማረሚያ ቤት የወጣህበትን ወረቀት ይዘህ ለፈረደብህ ፍርድ ቤት አመልክት። ከተፈቀደልህ ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይሄውልህ አዲስ ሕይወት ማለት፣ ያውም በገዛ ስምህ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ስሜ ጫልቱ ነው። የቀበሌ መታወቂያዬ ላይ በቁቤ ተጽፏል፣ የ12ኛ ክፍል ካርዴ ላይ ግን በእንግሊዝኛው አጻጻፍ ነው። ፓስፖርት ላወጣ ነው። ስም ቀይሪ ትባያለሽ ብለው አስፈራሩኝ።

መልስ፦ አይዞሽ፣ ያንቺ የፊደል እንጂ የስም ነገር አይደለም። በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ የጫ ድምፅ በአንድ ፊደል (C) ይጻፋል፣ እንግሊዝኛው ሁለት (Ch) ያደርገዋል፣ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለት ሰው ያደርግሻል። ለመለወጥ የሚከብደው የትምህርት ማስረጃው ስለሆነ ሌላውን ሁሉ ወደሱ አስጠጊ። መጀመሪያ የልደት ካርድሽን፣ ቀጥሎ ፋይዳሽን፣ ከዚያ ፓስፖርት። ፓስፖርቱን ቀድመሽ ካወጣሽ ግን ማረሚያው እጥፍ ሥራ ይሆንብሻል። ቢሮው አላርምም ካለሽ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው እንዲረጋገጥልሽ ለፍርድ ቤት ማመልከት ትችያለሽ። ኢሚግሬሽን ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ለዚህ ብለሽ አዲስ አበባ አትመላለሺ። ስትሄጂ የአባትሽንና የአያትሽን ስም አጻጻፍም አብረሽ አስተያዪ፣ ሰው የራሱን ሲያይ የአያቱን ይረሳል።