ሹሩባ በዊግ ፀጉር ያሳድጋል? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሹሩባ መሥራት የጀመርኩት እናቴ ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ፀጉር ቤት ተቀጠርኩ፤ አሁን ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወንበር ተከራይቼ እሠራለሁ። ሲደመር 19 ዓመት ሆነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሐኪም የሆነውን ጥያቄ ወደ ሐኪም እመልሳለሁ። ዛሬ የከሰዓት ደንበኛዬ ስለቀረች ጊዜ አለኝ፤ ስለ ሹሩባ፣ ስለ ዊግ፣ ስለ ፀጉር ማሳደግ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እህቴ፣ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ሹሩባ በዊግ ፀጉር ያሳድጋል ወይስ አያሳድግም? ስድስት ወር ሳላቋርጥ ተሠርቼ ለውጥ አላየሁም።

አያሳድግም። ፀጉር የሚያድገው ከቆዳ ሥር ነው፤ ጎነጎንሽው፣ በተንሽው፣ ፍጥነቱ ያው ነው። የብዙ ሰው ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ በጣም የተጠቀለለው ደግሞ ትንሽ ዝግ ይላል። ታዲያ ስንቶቻችን ነን ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ እዚያው ትከሻችን ላይ የቆምነው? ፀጉራችን ማደጉን ትቶ አይደለም። በሥሩ የሚጨምረውን ያህል ጫፉ እየተሰበረ ያልቃል። ሹሩባ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ በየቀኑ ከማበጠር፣ ከፔስትራ፣ ከፎን፣ ትራስ ላይ ከመፋተግ ያሳርፈዋል። ገቢሽን አይጨምርም፤ ወጪሽን ይቀንሳል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን «ሳላቋርጥ» ያልሽው ነው። እስቲ መስታወት ፊት ቁሚና ግንባርሽ ዳርና ጆሮሽ አጠገብ ያለውን ፀጉር እይው። አይተሽ ንገሪኝ።

ጥያቄ (ያችው ከአዳማ)፦ አየሁት። በቀኝ በኩል ሳስቷል። የማበጠሪያ መስሎኝ ነበር እኮ።

የማበጠሪያ አይደለም፣ የመጎተት ነው። ሐኪሞች ትራክሽን አሎፔሺያ ይሉታል። ፀጉር ሲጎተት ሲከርም ሥሩ ይቆጣል፤ ትንንሽ ብጉር ይወጣል፣ ቆዳው ያማል፣ ከዚያ ፀጉሩ ይነቀላል ወይም እየቀጠነ ይበቅላል። በዚህ ደረጃ መጎተቱ ከቆመ ይመለሳል፤ ወራት መፈለጉ አይቀርም። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ ፀጉር አይበቅልም። ቦታውን በብርሃን እይው። ለምለም ፀጉር ብቅ ብቅ ካለበት ተስፋ አለው። ቆዳው ልስልስ ብሎ የሚያብረቀርቅና የፀጉር ቀዳዳ የማይታይበት ከሆነ ቀን ሳታሳልፊ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አንድ ሌላ ምልክትም አለ፤ ከሳሳው ቦታ ፊት፣ ግንባሩ ጠርዝ ላይ፣ ስስ የፀጉር መስመር ተርፎ ታያለሽ። አጭር ስለሆነ ሹሩባው ውስጥ ሳይገባ ያመለጠው ፀጉር ነው።

ብቻሽን የሆንሽ እንዳይመስልሽ። ኬፕ ታውን ላይ ፕሮፌሰር ኖንህላንህላ ኩማሎና ባልደረቦቿ ባጠኑት ጥናት ከሦስት አዋቂ ሴቶች አንዷ ገደማ ይህ ተገኝቶባታል። ይበልጥ የሚጎዳውም ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልሰው ኬሚካል) የተቀባ ፀጉር ሲጎተት ነው።

እኔም አልቀረልኝም። በ23 ዓመቴ ለእህቴ ሰርግ ወገቤ የሚደርስ ዊግ አስጨመርኩ። ራሴን ትራስ ላይ ማሳረፍ አቅቶኝ ሁለት ሌሊት ግድግዳ ተደግፌ ነው ያደርኩት። ፎቶው ላይ ቆንጆ ነኝ። የግራ ጆሮ ግንዴ አካባቢ ግን እስከ ዛሬ ስስ ነው፤ ደንበኞቼ አስተውለው ሲጠይቁኝ ሰርጉን እነግራቸዋለሁ።

ያንቺን ፍቺው። ቢያንስ ሦስት ወር ዊግ አይግባበት። ጠበቅ አድርጎ ወደ ኋላ ማሰርም ያው መጎተት ነው፤ እሱንም ተዪው።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሹሩባ ሠሪዬ «ጠበቅ ካላለ ይፈታል» ትለኛለች። ሁለት ቀን ኪኒን እየዋጥኩ ነው የማሳልፈው።

ለፀጉር አሠራር ኪኒን የሚያስውጥ ነገር የለም። የቤታችንን ምስጢር ላውጣና፣ እኛ ሠሪዎች የምናጠብቀው ደንበኛዋ በሁለተኛው ሳምንት «ተፈታብኝ» ብላ እንዳትመጣብን ነው። ስለዚህ ስትቀመጪ አስቀድመሽ «ቶሎ ቢፈታም ቅር አይለኝም» በያት፤ እጇ ወዲያው ይላላል። ከዚያ የመጀመሪያው ጉንጉን እንዳለቀ ቅንድብሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ቆዳሽ ከተሳበ ያኔውኑ ተናገሪ። አርባኛው ላይ ብትናገሪ ማን ይፈታልሻል? ቤት ከገባሽ በኋላ በሥሩ ዙሪያ ነጭ ነጭ ብጉር ካየሽ የግንባሩን ረድፍ ብቻ ፈትተሽ የቀረውን መተው ትችያለሽ። ማንም አያስተውለውም።

ጥያቄ፦ ቀጫጭን ነው የሚሻለው ወይስ ወፋፍራም? ርዝመቱስ?

መካከለኛ። በጣም ቀጭኑ የሚያምር ይመስላል እንጂ፣ አሥርና ሃያ ፍሬ ፀጉር ላይ አንድ ዘለላ ዊግ ማንጠልጠል ነው። በጣም ወፍራሙ ደግሞ ክብደቱን አንድ ቦታ ላይ ይቆልለዋል። ዋናው ሕግ ዊጉ ከሚሸከመው የራስሽ ፀጉር ጋር እንዲመጣጠን ነው፤ ግንባር ዳር ያለው ፀጉር ስስ ስለሆነ እዚያ የሚገባው ዊግም ማነስ አለበት። ርዝመቱን በተመለከተ ከጡት በታች የሚወርድ አልሠራም፤ ብዙ ደንበኛ አስኮርፎብኛል። እርጥብ ሲሆን የሚጎትተውን ታጥባችሁ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ኖትለስ የሚባለውን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። አጀማመሩ በራስ ፀጉር ሆኖ ዊጉ ወደ ታች ሲወርድ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመርበት ነው። ሥሩ ላይ ቋጠሮ ስለሌለው መጎተቱ ይቀንሳል። ሰዓት ይበላል፣ ዋጋውም ይጨምራል፤ ገንዘቡ ካላችሁ ግን ልዩነቱ ይህ ነው።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ዊግ ሲገባልኝ አንገቴና ራሴ በማሳከክ ያልቃል። አለርጂ ነው?

ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያሳክከው ፋይበሩን የሚሸፍነው ማለስለሻ ነው። በብዛት የምንጠቀመው ዊግ ካኔካሎን የሚባለው፣ የጃፓኑ ካኔካ ኩባንያ ያወጣው ሰው ሠራሽ ፋይበር ወይም የሱ ዓይነት ነው። ከመሠራትሽ አንድ ቀን በፊት ማሰሪያውን ሳትፈቺ ዊጉን ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፊው፤ ነጭ ነገር ሲለቅ ታያለሽ። በደንብ አለቅልቀሽ አስጢው። ለብዙዎች ይህ ይበቃል። ከዚያም በኋላ ካሳከከሽ፣ ካበጠሽ ወይም ውሃ ከቋጠረ ፍቺው፤ አትታገሺው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ኮንስዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት 10 የሰው ሠራሽ ዊግ ምርቶችን መርምሮ በሁሉም ውስጥ ካንሰር አምጪ የሚባሉ ኬሚካሎችን፣ በ9ኙ ውስጥ ደግሞ ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት) አግኝቷል። እኔ ከዚያ ወዲህ ጫፍ በእሳት ማቃጠል ትቻለሁ፤ ጭሱን ቀኑን ሙሉ የምተነፍሰው እኔው ነኝ። በፈላ ውሃ ሲነከርም መስኮት እከፍታለሁ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ ልጄ፣ እኛ በልጅነታችን ቅቤ ተቀብተን በራሳችን ፀጉር ተጎንጉነን ወገባችን ይደርስ ነበር። ይሄ ዊግ ከየት የመጣ ጣጣ ነው?

እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሹሩባ ድሮም ፀጉር የምናሳርፍበት ነው፤ ዊጉ ነው አዲሱ። በራስ ፀጉር የተሠራ ሹሩባ ክብደት የለውም፣ ሲያረጅ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይሠራል። ሹሩባ የሚችል ፀጉር ያላት ሁሉ መጀመሪያ እሱን ብትሞክር ደስ ይለኛል። ዊግ የሚያስፈልገው ፀጉሩ አጭር ሆኖ ጉንጉኑ አልያዝ ሲል ወይም ለዓይን ሲባል ነው። ለዓይን ብሎ መሠራትም ነውር የለውም።

ቅቤው ላይ ግን ትንሽ ልከራከርዎ። ቅቤ ራሱ ፀጉር አያበቅልም፤ እርጥበቱን ይዞ ያለሰልሰዋል፣ እንዳይሰበር ያደርገዋል። ሐመሮችም ቅቤውን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ሲቀቡት ያው ፀጉሩን ሸፍነው ያቆዩታል። እርስዎ ተቀብተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው በማግስቱ ይታጠቡት ነበር፣ አይደል? ዊግ ውስጥ ግን ቅቤው መውጫ የለውም። አቧራ ይይዛል፣ ይሸታል፣ የፎረፎር ፈንገስ ደግሞ ቅባት ይወዳል። ስለዚህ ቅቤውን ከሹሩባው በፊት ተቀብታችሁ ታጠቡ፤ ዊጉ ከገባ በኋላ ከውሃ ጋር የተቀላቀለ ቀለል ያለ ቅባት ይበቃል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ዕረፍት የማገኘው በወር አንድ ቀን ነው፤ አራት ወር ሳልፈታ የምቆይበት ጊዜ አለ። ከሻሽ ሥር ስለሆነ አይታይም።

እህቴ፣ ጊዜ የለሽም ብዬ ልቆጣሽ አልችልም። አራት ወር ግን ብዙ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚነቀለው ፀጉር ሥሩ ላይ ከቆሻሻ ጋር ተጣብቆ ይጠነክራል፤ ስትፈቺው ጤነኛውንም ይዞት ይሄዳል። ለአንቺ የምመክርሽ ዊጉን ትተሽ ማታ ማታ ራስሽ የምትሠሪውን ስድስት ወይም ስምንት ወፍራም ሹሩባ በራስሽ ፀጉር ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ ፈትተሽ መሥራት ይቻላል። ከሻሹ ሥር ሳቲን ነገር አድርጊ፤ ጥጥ እርጥበቱን ይመጠዋል። ፀጉርሽ ሳይደርቅ አትሸፍኚው።

ጥያቄ፦ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ እንደ ጓደኞቿ ዊግና ጨሌ ትፈልጋለች። አባት ነኝ፣ ግራ ገባኝ።

ጨሌው ይሁንላት፣ ጥቂት ብቻ፤ ዊጉ ይቅር። የልጅ ፀጉር ስስ ነው። በራሷ ፀጉር ላላ ተደርጎ ይሠራላት፤ ካለቀሰች ሠሪዋ እጇን ታንሳ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ስፈታው እፍኝ ሙሉ ፀጉር ወጣ። ተጎዳሁ ማለት ነው?

አትደንግጪ። ማንም ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፍሬ ፀጉር ይረግፍበታል፤ በበተንሽ ጊዜ ማበጠሪያና ትራስ ላይ ስለሚበተን አታይውም። 49 ቀን ታስሮ የቆየው ሲጠራቀም ከ2,450 እስከ 4,900 ይደርሳል። ያ ነው እፍኝሽ ላይ ያለው። አንድ ፍሬ አንሥተሽ ጫፉን እይ። ሙሉ ርዝመት ኖሮት አንዱ ጫፍ ላይ ነጭ ነጥብ ካለው በጊዜው የረገፈ ነው። አጫጭርና ነጥብ የሌለው ከበዛ ግን ተሰብሯል።

ለወደፊቱ አፈታትሽን አስተካክዪ። ሥሩ ላይ ያለውን እድፍ ቅባት ነክተሽ በጣትሽ ለያይው፤ ይህን ሳታደርጊ ውሃ ካስነካሽው ይቋጠራል፣ መቀስ ነው የሚፈታው። ከዚያ በሰፊ ጥርስ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር አበጥሪና ታጠቢ። እንደገና ከመሠራትሽ በፊት ሁለት ሳምንት ይረፍ።

ጥያቄ፦ ወንድ ነኝ፣ 24 ዓመቴ። ግንባሬ ወደ ኋላ እየሸሸ ነው፤ ሹሩባው ነው?

አባትህና አጎቶችህ መላጣ ከሆኑ የዘር ሊሆን ይችላል። የሚሳሳው ጆሮህ አጠገብና ሹሩባው በተሳበበት አቅጣጫ ከሆነ ሹሩባው ነው። ሁለቱም ሊሆን ስለሚችል ሹሩባውን አላላና ሐኪም ያይህ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከወለድኩ አራት ወሬ ነው፣ ፀጉሬ እየረገፈ ነው። ለመደበቅ ዊግ ልሠራ? ሚኖክሲዲልስ?

ከወሊድ በኋላ በሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር የሚጀምር መርገፍ የተለመደ ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ሳይረግፍ የቆየው ነው አሁን ተከታትሎ የሚወርደው። ብዙ ጊዜ ልጁ ዓመት ሳይሞላው ይተካል። በሚረግፍ ፀጉር ላይ ዊግ አልሠራም። ሚኖክሲዲል ሳስቶ ለቀረ ፀጉር የሚታዘዝ መድኃኒት ነው፤ ጡት የምታጠቢ ከሆነ ግን ሐኪም ሳይነግርሽ አትንኪው። ደም ማነስም ያረግፋል፤ ተመርመሪ። የቆዳ ሐኪም ለምትፈልጉ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለው። በጾም ወቅት የሚረግፍባችሁም ካላችሁ ሽንኩርትና እንጀራ ብቻ አይሁን፤ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሽሮ ይብዛበት። ፀጉር የሚሠራው ከፕሮቲን ነው።

ጥያቄ፦ በክረምት እንዴት ነው የማጥበው? አይደርቅልኝም፣ ይሸተኛል።

ጠዋት እጠቢ፣ ማታ በፍጹም። ሻምፖውን በውሃ አቅጥነሽ አፈ ጠባብ ጠርሙስ ውስጥ አድርጊና ቆዳው ላይ ብቻ አፍስሺ፤ ጉንጉኑን አትፈትጊው። በፎጣ ጨምቂው። ካስክ ካለ ሙቀቱን ዝቅ አድርገሽ ግቢ፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ያን ሳምንት ቆዳሽን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ እለፊው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ያለኝን ሹሩባ አሁን ልፍታ ወይስ እስከ በዓሉ ላቆየው?

ስንት ሳምንቱ ነው?

አሥራ አንድ።

ዛሬ ፍቺው። ዊጉን ለመቁረጥ መቀስ ስታነሺ የራስሽ ፀጉር የት ጋ እንደሚያልቅ መጀመሪያ በጣትሽ ዳሰሽ አረጋግጪ።