መርዶው ሲነገር ካሜራው ወዴት ይዙር?

ጥያቄ፦ የግሪክን ትራጄዲ አወቃቀር ተከትዬ የ20 ደቂቃ ፊልም ስክሪፕት ጽፌአለሁ። ባለታሪኩ መጨረሻ ላይ በመኪና አደጋ ይሞታል። ያነበቡት «ያሳዝናል፤ ግን አንጀት አይበላም» ይሉኛል። ጉድለቱ ምንድን ነው? ኮረሱንስ (መድረክ ላይ ሆኖ ድርጊቱን እያየ በጋራ የሚናገረውንና የሚዘምረውን ቡድን) በፊልም ምን ላድርገው?

መልስ፦ ጉድለቱ መኪናው ነው። አደጋ ማንንም ይገድላል። ፈላስፋው አርስቶትል ስለ ትራጄዲ በጻፈበት «ፖየቲክስ» የሚመርጠው ባለታሪክ ግን ክፉም ፍጹም ደግም ያልሆነ፣ በገዛ ስሕተቱ የሚወድቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጥፋቱን የሚያመጣውን ውሳኔ በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ያስወስኑት፤ ያውም ለበጎ ብሎ። ሞቱን ቢሰርዙትም አይጎዳዎትም። የሶፎክለስ ተውኔት «ንጉሥ ኤዲፐስ» ሲያልቅ፣ ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ኤዲፐስ በሕይወት አለ።

ምስጢሩን የሚያወጣውን ሰው ደግሞ ጠላት አያድርጉት። ከቆሮንቶስ የመጣው መልእክተኛ ኤዲፐስን «እናትህን ታገባለህ» ከሚለው ትንቢት ፍርሃት ሊገላግለው ብሎ ነው «ያሳደጉህ ወላጆችህ አይደሉም» ያለው። ማጽናኛው ራሱ ጥፋቱን ጎትቶ ያመጣል።

ጀማሪዎች አብዝተው የሚስቱት ሰዓቱን ነው፤ እውነቱን በመጨረሻው ደቂቃ ያወጡና ወዲያው የተዋንያኑን ስም ይደረድራሉ። የሶፎክለስ ተውኔት 1,530 ያህል ስንኝ አለው፤ ኤዲፐስ ማንነቱን የሚያውቀው 1,180 አካባቢ ነው። የቀረው ሁሉ ያወቀውን ተሸክሞ የምናይበት ነው። በእርስዎ ፊልም ይህ 15ኛው ደቂቃ ላይ ይውላል።

ግድያና ደም ካለም ከበር ኋላ ይሁን። ግሪኮቹ አብዛኛውን ጊዜ ከመድረክ ውጭ አድርገው በመልእክተኛ አፍ ያስነግሩት ነበር። ረጅሙ ትረካ ግን በፊልም ይሰለቻል፤ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ያስቀሩና ካሜራውን በሰሚው ፊት ላይ ያቁሙት። ደሙን ካሳዩ ተመልካቹ ሜካፑን መገምገም ይጀምራል።

ኮረሱን ወደ ተራኪ ድምፅ መለወጥ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው። ተራኪ መጨረሻውን ያውቃል፤ ኮረስ አያውቅም፤ ይፈራል፣ ተስፋ ያደርጋል፣ ይሳሳታል። የፊልም ዳይሬክተሩ ሚካሊስ ካኮያኒስ በ1962 የግሪኩን ትራጄዲ «ኤሌክትራ»ን ሲቀርጽ ኮረሱን ጥቁር የለበሱ የገጠር ሴቶች አደረገው። የሶፎክለስ ኮረስ 15 ሰው ነበረው፤ ለእርስዎ አራት ጎረቤቶች ይበቃሉ። ሦስት ጊዜ ያሳዩዋቸው፤ በየጊዜው ከባለታሪኩ ትንሽ ራቅ ብለው ይቁሙ፤ በሦስተኛው ምንም አይናገሩ።