አጥፍተውት ጭል ጭል የሚለው አምፖል

ደብረ ብርሃን የሚኖሩ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። «የሳሎኔን ሁለት የድሮ አምፖሎች አውጥቼ በኤልኢዲ ቀየርኳቸው። አሁን ማታ አጥፍቼ ስተኛ ጨለማው ውስጥ ጭል ጭል ይላሉ። የልጅ ልጆቼ ፈሩ። ብርሃኑም ነጭና ቀዝቃዛ ነው፤ የድሮው ቢጫ ናፈቀኝ። አሮጌዎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ምን ይሻለኛል?»

እትዬ፣ እንኳንም አልጣሏቸው።

አዲሱ አምፖል አልተበላሸም። መስመሩ ላይ ድሮም የነበረ ነገር ነው አሁን የታየው። በድሮው አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ክር ደህና አድርጋ እንድታበራ ከ2000 ዲግሪ በላይ መጋል አለባት። ሾልኮ የመጣ ትንሽ ኤሌክትሪክ አያሞቃትም። ኤልኢዲ ግን ጠብታ ይበቃዋል። ያቺን ጠብታ እያጠራቀመ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ያጠራቅማል።

መጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያዎን ይዩት። በጨለማ የምትታይ ትንሽ መብራት አለችው? ካለችው ምክንያቱ እሷ ናት። የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በአምፖሉ በኩል ነው። መብራት በሌለው ማብሪያ ያስቀይሩት።

ከሌለችው ግን ማብሪያው የተቀጠለው ኤሌክትሪኩን ይዞ በሚመጣው ሽቦ (ፌዙ) ላይ ሳይሆን በሚመልሰው (ኒውትራሉ) ላይ ይመስለኛል። የአሮጌ ቤት የመብራት መስመር ስፈታ ደጋግሜ ያየሁት ነው። ሁለቱም ሽቦ አንድ ቀለም ሲሆን የሚቀጥለው ሰው ይሳሳታል። ይሄ ከጭል ጭሉ የባሰ ነው። መብራቱን አጥፍተውት እንኳ 220 ቮልቱ አምፖሉ የሚገባበት ፖርታላምፓዳ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ወንበር ላይ ቆሞ አምፖል የሚቀይር ልጅ ጣቱ ቢነካው ይይዘዋል። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ አምፖል ሲቀይሩ አደራዎን ከቆጣሪው ያጥፉ። ባለሙያ ሲመጣ ፌዙን በማብሪያው አሳልፎ ፖርታላምፓዳው መሐል ባለችው ምላስ ላይ፣ ኒውትራሉን ጥርሱ ላይ ያስርልዎ። ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አይደለም።

ናፍቆትዎ ይገባኛል። ሥራ ስጀምር የሱቁ መደርደሪያ ላይ ባለ 25፣ ባለ 40፣ ባለ 60፣ ባለ 100 ተደርድሮ ነበር። ጥርት ያለው አለ። ወተት የመሰለው አለ። የሻማ ነበልባል የሚመስል ሹል አለ። ለመኝታ ቤት ቀይና ሰማያዊ አለ። ተጠምዞ የሚገባው ለብቻ፣ ገፋ አድርገው ዞር የሚያደርጉት ለብቻ። ክሩ ሲበጠስ ጆሯችን ላይ ይዘን ነቅነቅ እናደርገው ነበር፤ ሲን ሲን ይላል። አንዳንዴ የተበጠሰው ጫፍ ይያያዝና እንደገና ይበራል። ክሩ ስላጠረ ከበፊቱ ይደምቃል፤ ግን አይከርምም። ማታ ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ እንደ ፍም ይቀላና መብራቱ መድከሙን ይነግረናል። ባለ 100ው የደብረ ብርሃንን ብርድ ለጫጩት ያስረሳ ነበር። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ሙቀት ይሆን ነበርና። እውነቱን ለመናገር ከገበያ የጠፋውም በዚሁ ነው። የባለ 60ውን ሥራ ዛሬ 8 ወይም 9 ዋት ኤልኢዲ ይሠራዋል።

ቢጫው ግን አልጠፋም። የገዙት አምፖል ካርቶን ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ሳይኖር አይቀርም፤ ነጭ ማለት ነው። ሱቅ ሲሄዱ «ዋርም» ይበሉ፤ 2700 የሚለውን ይምረጡ። የባለ 60 ምትክ ከፈለጉ ሉመኑ፣ ማለትም የብርሃኑ መጠን፣ ከ700 እስከ 800 ይሁን። ሲአርአይ የሚባል፣ ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥርም አለ። የድሮው አምፖል 100 ነበር፤ ብዙው ኤልኢዲ 80 አካባቢ ነው። 90 ካገኙ ትንሽ ጨምረውም ቢሆን ይውሰዱ። የጥለትዎ ቀይ ቀይ ሆኖ ይታያል።

አንዳንዴ ማብሪያውም ሽቦውም ተስተካክሎ ጭል ጭሉ ይቀራል። ሽቦው ረጅም ሲሆን ጎኑ ካለው ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይጋባበታል። ያኔ ጋዜጣውን ይፍቱ። ሁለቱ አምፖሎች በአንድ ማብሪያ የሚበሩ ከሆነ በአንደኛው ቦታ የድሮውን ይመልሱት። ሾልኮ የሚመጣው በክሩ በኩል ያልፍና ኤልኢዲው ጸጥ ይላል። ሁለተኛው አሮጌ ደግሞ ይሄኛው ሲቃጠል ይተካዋል።