መልስ፦ በሙቅ ጨው ውሃ የሚሰበር የፓምፕ ሲል ሞላ

በሙቅ ጨው ውሃ ፓምፕህ ሲል (ውሃው በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚዘጋው ክፍል) ውስጥ ሞላው ለምን እንደሚሰበር፣ ኦሪንጉም (ክብ የጎማ ማሸጊያው) ለምን እንደሚሰነጣጠቅ ጠይቀሃል። ሞላውን በሃስቴሎይ ሲ-276 (ዝገትን የሚቋቋም የኒኬል ቅይጥ)፣ ኦሪንጉን በኢፒዲኤም (የጎማ ዓይነት) ቀይር።

የ316 ስቴንለስ (የተለመደ የማይዝግ ብረት ዓይነት) ሞላህ ምንም ሳይዝግ ድንገት መሰበሩ አይግረምህ። ሞላ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው የሚሠራው፤ ክሎራይድ (በጨው ውስጥ የሚገኘው) ያለበት ውሃ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ የተወጠረ ስቴንለስን ይሰነጥቃል። ያንተው 75 ነው ብለሃል። ወፍራሙ የፓምፑ አካል ከዚያው ብረት ተሠርቶ ብዙ ሊቆይ ይችላል፤ ለቀጭን ሽቦ ግን ትንሽ ስንጥቅ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሻጩ «ሌላው ሁሉ 316 ነው፣ ሞላውም ይሁን» ቢልህ አትቀበለው።

ከቫይተን (ሌላ የጎማ ዓይነት) የተሠራው ኦሪንግህ ደርቆ የተሰነጣጠቀው በጨዉ አይመስለኝም። ጥፋተኛው ፓምፑን የምታጥብበት ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ቫይተን ዘይትና ነዳጅ ይችላል፣ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ትኩስ አልካሊ ግን ይጎዳዋል። ኢፒዲኤም ተቃራኒው ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ኢፒዲኤም የማዕድን ዘይት ከነካው ያብጣል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ እንዲገባልኝ ብዬ ተራ ግራሶ ቀባሁትና አብጦ ከቦታው ወጥቶ አገኘሁት። የሲሊኮን ቅባት ተጠቀም። የቫይተንና የኢፒዲኤም ኦሪንጎች ብዙ ጊዜ ጥቁር ስለሆኑ በአንድ ሳጥን አታስቀምጣቸው፤ በዓይን አትለያቸውም።