ላሟን ከመግዛትሽ በፊት መኖና ደንበኛ ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ጅማ ከተማ ግቢሽ ውስጥ ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ገዝተሽ ወተት ልትሸጪ አስበሻል። ሻጩም አንዷ ብቻ በቀን 20 ሊትር ትታለባለች ብሎሻል። ያዋጣል ወይ ነው ያልሽው። እዚሁ ጅማ ወተት ስሸጥ ዓመታት ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ያዋጣል። ግን ከላሟ በፊት መኖዋና ወተቱን የሚወስደው ሰው ይቅደሙ።

20 ሊትሩን ለጊዜው እርሺው። እኛ ጋ ባለው መኖ የተዳቀለች ላም 10 ሊትር አካባቢ ከሰጠች ጥሩ ላም ናት። በወሬ ግን አትግዢ። ማታ ሄደሽ ስትታለብ እዪ፤ ጠዋትም ተመልሰሽ እዪ። አንዳንድ ሻጭ ገዢ እንደሚመጣ ሲያውቅ ማታ ሳያልባት ያሳድራታል፤ ጠዋት ግቷ ተወጥሮ ስታዪ ልብሽ ይሸፍታል። አራቱንም ጡት ራስሽ እለቢ። መጀመሪያ የሚወጣውን ጥቂት ወተት ጥቁር ክዳን ላይ አድርጊና በብርሃን ተመልከቺው። የተቋጠረ ነገር ካለው ወይም አንዱ ጡት ከጠጠረ የጡት በሽታ አለባት። የቱንም ያህል ዋጋ ቢቀንስልሽ ተያት። እርጉዝ ናት ከተባልሽ የእንስሳት ሐኪም መርምሮ ያረጋግጥልሽ።

ሁለቱም በአንድ ወር የሚወልዱ እንዳይሆኑ ተጠንቀቂ። ላም ልትወልድ 2 ወር ሲቀራት መንጠፍ፣ ማለትም መታለብ ማቆም፣ አለባት። ሁለቱ አብረው ከነጠፉ የኮንትራት ደንበኛሽ ሌላ ቤት ይለምዳል። አንዷ ጥገት፣ አንዷ እርጉዝ ብትሆን ይሻላል።

መኖ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ክረምት ሙሉ ሣር የትም አለ። ችግሩ በጋው ላይ ይመጣል። ስለዚህ ዝናቡ ሲያበቃ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ድርቆሽሽን ገዝተሽ ከምሪ። አጥርሽን ተከትለሽ የዝሆን ሣር ትከዪ። ፉርሽካና ፋጉሎ (የቅባት እህል ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ረከስ ሲል መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ ደረቅ ቦታ አስቀምጪው። የሻገተ ፋጉሎ መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋል። ያንን ወተት የሚጠጡት ሕፃናት ናቸውና እባክሽ በዚህ አትደራደሪ። ደግሞ የቡና ለቀማ ሲደርስ ሠራተኛሽ ቡና ወዳለባቸው ወደ ጎማ ወይም ወደ ማና ወረዳ ሊሄድብሽ ስለሚችል ማለብ ራስሽ ልመጂ።

ገበያው ጅማ ላይ ከብዙ ከተማ ይሻላል፤ ይህን በሙሉ ልብ እነግርሻለሁ። ሌላ ቦታ ረቡዕና ዓርብ፣ ይልቁንም በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ወተት ሻጭ ይጨነቃል። እዚህ ብዙ ሙስሊም ደንበኛ ስላለ ወተቱ ይሄዳል፤ በረመዳን ደግሞ ለማፍጠሪያ ይፈለጋል። በ2017 እና በ2018 ጾሙና ረመዳን አብረው ስለዋሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፈነ። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ሁሌ እንዲህ አይገጥምም። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ደንበኛ ያዢ፤ ልጅ ያለበት ቤት ይብዛልሽ። ካፌ ብዙ ይወስዳል፣ ሂሳቡን ግን ያንጠለጥላል። እኔ አንድ ካፌ ገንዘቤን ለረጅም ጊዜ ይዞብኝ ስለነበር አሁን በየሳምንቱ ሳይከፈለኝ አላቀርብም። የተረፈሽን በወይራ በታጠነ ዕቃ እርጎ እስኪሆን አቆይተሽ ናጪው። ቅቤ እንደ ወተት አያጣድፍሽም፣ ዋጋ እስኪሻሻል ይቆይልሻል።

ላሟ አንቲባዮቲክ ከተወጋች ሐኪሙ እስከነገረሽ ቀን ድረስ ወተቷን ለማንም አትሽጪ።

አሁን የግቢሽን ስፋት፣ ሰፈርሽ ላይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣም ጻፊልኝ። የምትታለብ ላም በቀን ከ60 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ውሃው ካልተመቸ በአንዷ ጀምሪ።