ሕግ የፈቀደውና ቤተ ክርስቲያን የምትባርከው ጋብቻ፦ ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጄ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሆስፒታል ትሠራለች። የሥራ ባልደረባዋ የሆነች ሴት ሌላ ሴት ልታገባ ነው፤ ልጄንም «ሚዜ ሁኚልኝ» ብላታለች። ልጄ ስትደውል «እማዬ፣ እዚህ ሕጉ ፈቅዷል፤ እኩል መብት ነው ይላሉ፤ እኔ ምን ልበል?» ብትለኝ የምመልስላት አጣሁ። በእኔ ግቢ ደግሞ ሰርቪስ ቤት የተከራዩ ሁለት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች፣ ወጣት ሴቶች አሉ። ጎረቤቶቼ «አንድ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት፤ ከእጅ ለእጅ መያያዝም አይለያዩም» እያሉ መጥፎ ነገር ያወሩባቸዋል፤ «አስወጪያቸው፤ አለዚያ ግቢሽን ታረክሻለሽ» ይሉኛል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ጋብቻ ይባላልን? መብት የሚሉትስ እስከ ምን ድረስ ነው? እኔስ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ እናታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። መልሱ የጠፋዎት የቤተ ክርስቲያን ምስጢር፣ የመንግሥት ሕግና የጎረቤት ወሬ በአንድ ጊዜ ተቀላቅለው ስለ መጡብዎ ነው፤ እኛም ሳንለይ ብንመልስልዎ አንዱን በሌላው ሚዛን መዝነን እናሳስትዎታለን።

ስለ ምስጢሩ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም። ተክሊል ከሰባቱ ምስጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው። ፈሪሳውያን ጌታችንን ስለ ፍቺ በጠየቁት ጊዜ ነገሩን ወደ ዘፍጥረት መልሶ፣ ፈጣሪ በመጀመሪያ ወንድና ሴት እንዳደረጋቸው፣ ሰውም አባቱንና እናቱን ትቶ ከሚስቱ ጋር እንደሚተባበር፣ ሁለቱም አንድ ሥጋ እንደሚሆኑ አስተማራቸው (ማቴ. 19፥4-6)። ካህኑ በሙሽራውና በሙሽራዪቱ ራስ ላይ አክሊል የሚደፋው፣ እነርሱም ሥጋውንና ደሙን አብረው የሚቀበሉት በዚህ ቃል ላይ ቆመው ነው። ስለዚህ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች የሚገቡትን ውል ቤተ ክርስቲያን ልትባርክ አትችልም፤ ይህም በድምፅ ብልጫ የሚሻሻል የአስተዳደር ደንብ አይደለም። እኅት ቤተ ክርስቲያናችን የቅብጥ ኦርቶዶክስም፣ የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ካህናት የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን እንዲባርኩ የሚፈቅድ ሰነድ ስታወጣ፣ ሰነዱ ቡራኬው ጋብቻ አይደለም ቢልም፣ በማርች 2024 ከሮም ጋር የነበራትን የነገረ መለኮት ውይይት አቋርጣለች።

ይሁን እንጂ ልጅዎ «እኩል መብት ነው ይላሉ» ያለችውን በቅጡ ሳንረዳ መመለስ አይገባንም፤ የማንስማማበትን ሰው ነገር አጣምመን ብንናገር በሐሰት መመስከር ይሆንብናልና። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተካሄደው ክርክር ስለ ተክሊል አልነበረም፤ መንግሥት ለባለትዳሮች ስለሚሰጠው ጥበቃ ነበር። ኢዲት ዊንዘር የተባለች የኒው ዮርክ ነዋሪ በካናዳ ሕግ ያገባቻት ሴት እ.ኤ.አ. በ2009 ስትሞትባት፣ የፌዴራሉ ሕግ ሁለቱን እንደ ባለትዳር ስለማይቆጥር፣ ባሏ የሞተባት ሚስት የማትጠየቀውን ከ363 ሺህ ዶላር በላይ የውርስ ግብር እንድትከፍል ተደረገች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 ፈረደላት። ጂም ኦበርገፌል የተባለው የኦሃዮ ሰው ደግሞ የከሰሰው በጽኑ ሕመም ሊሞት በተቃረበው ባልንጀራው የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የትዳር ጓደኛ ተብሎ እንዲጻፍለት ነበር። በዚህ ሰው ስም በሚጠራው ጉዳይ ዳኞቹ እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2015 አምስት ለአራት ተከፍለው፣ ለሁሉም እኩል የሕግ ጥበቃ የሚያዝዘውን የሕገ መንግሥታቸውን 14ኛ ማሻሻያ መሠረት በማድረግ፣ ሁሉም ግዛቶች የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን እንዲመዘግቡ ወሰኑ። ከተቃወሙት አንዱ የሆኑት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ በዳኞች ሳይሆን በሕዝቡና በወኪሎቹ መወሰን ነበረበት ብለው ጽፈዋል።

ስለዚህ በዚያ ሀገር «መብት» ሲባል የታመመን ሰው ማን አጠገቡ ይቀመጥ፣ ማን ይቅበረው፣ አብረው ያፈሩትን ቤት ማን ይውረስ የሚለው ጥያቄ ጭምር ነው። መንግሥት የታማሚን ጠያቂ ወይም የሟችን ወራሽ በደንብ ቢወስን ቤተ ክርስቲያን የምታጣው ነገር አይታየኝም፤ የቄሣርን ለቄሣር መተው ከእንዲህ ያለው ነገር ይጀምራልና። በአንጻሩ ክርክሩ ከዚህ አልፎ «ሕግ ከፈቀደው እናንተም ልትባርኩት ይገባል» ሲል ከመንግሥት ደጅ ወጥቶ ወደ መቅደስ ገብቷል፤ እዚያ ደግሞ የሚፈርደው ሌላ ነው።

የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2001 ከዓለም የመጀመሪያ ሆና ፈቀደች፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ በ2006 ተከተለች። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን የግሪክ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ሕዝቧ ኦርቶዶክስ በሆነባት በዚያች ሀገር ፓርላማው በፌብሩዋሪ 2024 ሕጉን በ176 ድምፅ ሲያጸድቅ፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በግልጽ ተቃውሞ ነበር። ሕጉ ወጣ፤ ነገር ግን የወጣው በመንግሥት መዝገብ ስለሚፈጸም ጋብቻ ስለሆነ፣ የግሪክ ካህናት ከዚያ በፊት ያልባረኩትን ከዚያ በኋላም አልባረኩም። በአሜሪካም ካህን ያላመነበትን ጋብቻ እንዲፈጽም የሚያስገድደው የለም፤ በ2022 የወጣው የጋብቻ ሕግም የሃይማኖት ተቋማት ለእንዲህ ያለው ሥርዓት አገልግሎት እንዲሰጡ እንደማይገደዱ ይናገራል። «ነገ ሕጉ መጥቶ መቅደሱን ይከፍተዋል» እያሉ ምእመናንን የሚያስጨንቁ ሰባክያን ይህን ቢያነቡት መልካም ነበር።

በእኛ ሀገር ደግሞ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የማግባትን መብት ለአካለ መጠን ለደረሱ ወንዶችና ሴቶች ይሰጣል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 629 ጀምሮ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸመውን ግንኙነት ይቀጣል። ስለዚህ የልጅዎ ጥያቄ በምትኖርበት ሀገር የተነሣ እንጂ ኮምቦልቻ ላይ የሚወሰን አይደለም።

«ሕግ የፈቀደው ሁሉ ጋብቻ ይባላልን?» ላሉት፣ እኛ የወሎ ሰዎች ልዩነቱን በኑሯችን እናውቀዋለን። በሀገራችን የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል። ደሴ ላይ ማዘጋጃ ቤት ፈርመው የሚኖሩ ክርስቲያኖች ወደ እኛ ሲመጡ ንስሐ ገብታችሁ ሥርዓቱን በቁርባን ፈጽሙ እንላቸዋለን እንጂ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን ቅደዱ አንልም፤ ወረቀቱም ቁርባን ሆነ አንልም። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጁን በኒካህ ሲድር እናቶቻችን ከዋዜማው ጀምረው ሽንኩርት ሲከትፉ ያድራሉ፤ ለክርስቲያኑ ለብቻው ይታረድለታል፤ ሽማግሌዎቻችን ተነሥተው ይመርቃሉ። ኒካሁ ተክሊል ሆነ ያለ ግን አልሰማንም። (ሙስሊም ወገኖቼ ይህን ያነሣሁት ነገራቸውን ከዚያኛው ጋር ለማመሳሰል አለመሆኑን ይረዱልኝ፤ በዚህ ጉዳይ የእነርሱም ሃይማኖት የሚያስተምረው ከእኛው የራቀ አይደለም።) ለማለት የፈለግሁት ሕግ የሚያውቀውና ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ፣ አንድ ባለመሆናቸውም ሰው ከሰው ጋር መኖር እንዳላቆመ ነው።

እንግዲህ ለልጅዎ የሚነግሯት ይህ ነው። ሚዜ መሆን ከሙሽሮቹ ጎን ቆሞ ለሚፈጸመው ነገር መመስከር ስለሆነ አይገባትም፤ በምስክርነት መፈረምም እንዲሁ። በግብዣው ላይ ስለ መገኘት አባቶች አንድ ዓይነት ምክር አይሰጡም፤ ፈጽሞ አይገባም የሚሉ አሉ፤ ሐዋርያው ከማያምኑ ወገን የጋበዘን ሰው ቤት ስለ መብላት የጻፈውን (1ኛ ቆሮ. 10፥27) አንሥተው ለሰውዬው ሲሉ መሄድን የማይከለክሉም አሉ። እኔ በሩቅ ሆኜ ከምቆርጥ፣ ኑሮዋን የሚያውቀው የንስሐ አባቷ ቢወስንላት ይሻላል። ባልደረባዋን ግን በስልክ መልእክት ሳይሆን ፊት ለፊት አግኝታ፣ «ሃይማኖቴ ይህን ጋብቻ ስለማይቀበል ሚዜ ሆኜ አልቆምም፤ ከአንቺ ጋር ያለኝ መከባበር ግን እንዳለ ነው» ትበላት። በዚያ ቀን የሥራ ተራዋን ብትሸፍንላት በኃጢአት መተባበር እንዳይመስላት፤ ባልንጀራን መርዳት ነው።

በሥራዋ ላይ ደግሞ የሚመጣባት ሌላ ፈተና አለ። ታማሚ ተኝቶ የትዳር ጓደኛዬ ነኝ የሚል ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሰው ቢመጣ፣ ሕጉ እንዲገባ የፈቀደለትን ሰው በር ላይ ማቆም፣ የታማሚውን ሁኔታ መደበቅ ወይም ፊት መንሣት ለኦርቶዶክሳዊት ሴት የተፈቀደ አይደለም። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ቁስል ሲያጥብ ስለ ኑሮው አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ግቢዎ እንመለስ፤ እኔን ይልቁን ያስጨነቀኝ ይህኛው ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከወረባቦ፣ ከአልብኮ፣ ከለጋምቦ፣ ከሌላውም ወረዳ ስንት ልጆች ወደ ከተማችሁ እንደ ገቡ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያዩታል። ደመወዛቸው ኪራይ ስለማይችል ለሁለት ለሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ፤ አንድ ፍራሽ ዘርግተው ያድራሉ፤ ከፈረቃ ሲወጡ በጨለማ ብቻቸውን ላለመሄድ ተያይዘው ይመጣሉ። በእኛ ሀገር እኅትማማቾች፣ አብሮ አደጎች፣ የአክስት ልጆች አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ኖረዋል፤ ወንዶች እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ፒያሳ ላይ ሲሄዱ ዞሮ የሚያያቸው አልነበረም። ከሌላ ሀገር ክርክር በሰማነው ነገር ዓይናችን ተለውጦ የድህነትን ኑሮ በዝሙት መተርጎም ከጀመርን፣ እንቃወመዋለን የምንለውን ነገር በገዛ አፋችን ወደ ቤታችን ያስገባነው እኛው ነን።

በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው የሮሜ መልእክት ምዕራፍ 1 ነው። ቁጥር 26ንና 27ን የሚያነቡ ብዙዎች እዚያው ላይ ያቆማሉ፤ ሐዋርያው ግን አላቆመም። ከሁለት ቁጥር በኋላ በዚያው የኃጢአት ዝርዝር ውስጥ የሚያሾከሹኩትንና ሐሜተኞችን ይቆጥራል፤ ምዕራፍ 2ንም የሚጀምረው በሌላው ላይ የሚፈርደውን ሰው በመገሠጽ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤልም የሰዶምን በደል ሲናገር ትዕቢትን፣ ጥጋብንና ለችግረኛው እጅ አለመስጠትን ያነሣል (16፥49)። ይህን የምለው ያንኛውን ኃጢአት ለማቅለል አይደለም፤ ሁለት ሠራተኛ ልጆችን በወሬ ከቤት አውጥቶ መንገድ ላይ ማሳደርም በዚያው መጽሐፍ የተወቀሰ ኃጢአት ስለሆነ ነው።

የሀገሩ ሕግም ቢሆን ጎረቤትን መርማሪና ዳኛ አላደረገም። ያው ሕገ መንግሥት የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዝዛል፤ የሰውን መልካም ስምና የግል ሕይወትም ይጠብቃል። በተለይ ወጣቶቹን ፎቶግራፍ አንሥተው በቴሌግራምና በቲክቶክ እንዳይበትኗቸው ይጠንቀቁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ወደ ስልክዎ ቢላክ ለማንም ሳያሳልፉ ያጥፉት። በአንድ ሌሊት በተሰራጨ ምስል የተነሣ አንዲት ልጅ ብትደበደብ፣ ምስሉን ያስተላለፈ ክርስቲያን «እኔ እጄን አላነሣሁም» ብሎ ለመቁረብ ይቀርባልን?

«እውነት ቢሆንስ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነት ቢሆን እንኳ ጌታ ያስተማረን መንገድ ሄዶ ለብቻ መናገር ነው (ማቴ. 18፥15)፤ ያም በእርስዎ ላይ የተጣለ ግዴታ ሳይሆን ልጆቹ እንደ እናት ቀርበው ሲያማክሩዎት የሚደረግ ነው። በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ ሐዋርያው የራሱ ሥራ እንዳልሆነ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 5፥12)፤ ልጆቹ የሌላ ሃይማኖት ልጆች ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የእኛ የንስሐ ጉዳይ አይደለም። የእኛው ከሆኑና ከመካከላቸው አንዷ «እንዲህ ያለ ሐሳብ ይፈትነኛል» ብትልዎ አትደንግጡባት። ገዳማውያን ጾር የሚሉት ያልፈለጉት ፈተና በሰው ላይ መነሣቱ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ በትዳር ያለውም በምንኵስና ያለውም በየመልኩ ይታገለዋል። ምሥጢር ወደሚጠብቅ የንስሐ አባት ይምሯት፤ ያለ ፈቃዷ አስሮ ጠበል መውሰድ፣ መምታት፣ በቤተሰቧ ፊት ማዋረድ ግን ከቤተ ክርስቲያን የተማርነው አይደለም። በዝሙት የተያዘችውን ሴት ጌታ «ሂጂ፤ ከእንግዲህ ወዲህ ኃጢአት አትሥሪ» ያላት ድንጋይ የያዙት ከተበተኑ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጆቹን አያስወጧቸው፤ የወሩ ኪራያቸውንም በወሬ ምክንያት አይጨምሩባቸው። ጎረቤቶችዎ ነገሩን ካልተዉ እርስዎ ከእያንዳንዱ ጋር አይከራከሩ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ በሚቀመጥበት በቅሬያችሁ (በዕድራችሁ) ሽማግሌዎች ፊት አውጥተው «ያየ ካለ እዚህ ይናገር» ይበሉ። ስለ ልጅዎ ጉዳይ ደግሞ የንስሐ አባቷ መልስ ከመጣላት በኋላ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።