ከወሊድ ፈቃድ ስትመለሺ ግብርሽ ልክ ነው? የባልና ሚስት ጥያቄዎችና መልሶች

ከወሊድ የተመለሱ እናቶችና ባሎቻቸው ስለ ደመወዝ ግብር ብዙ ጠይቃችሁኛል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ ያዙልኝ፦ እኛ አገር የደመወዝ ግብር የሚሰላው ለየሰው፣ በየወሩ ነው። ጣጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወሩ ሲምታታ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም ባለቤቴም ተቀጣሪ ነን። አሁን ልጅ ወልደናል። ግብራችን አንድ ላይ ይሰላል? ለልጅስ የሚቀነስልን ነገር አለ?

መልስ፦ ሁለቱም የለም። ለትዳርም ለልጅም ተብሎ ከደመወዝ ግብር የሚቀነስ ነገር ስለሌለ የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ ፋይናንስ አትመላለሱ። ደግሞ ለየብቻ መሰላቱ አይጎዳችሁም። እያንዳንዳችሁ 12,000 ብር ብታገኙ ግብራችሁ 2,250፣ 2,250 ነው፤ በድምሩ 4,500። አንድ ሰው ብቻውን 24,000 ቢያገኝ ግን 6,350 ብር ይከፍላል።

ጥያቄ፦ 2,250 እንዴት መጣ? የእኔ ደመወዝ ልክ 12,000 ነው፣ ፔይስሊፔ (የደመወዝ መክፈያ ወረቀቴ) ላይ ግን ግብሩ 2,700 ይላል። ፈቃድ የወጣሁት ሰኔ 2017 ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ የተሰላብሽ በአሮጌው ሠንጠረዥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 መሠረት ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ማስከፈያው ተቀይሯል። እስከ 2,000 ብር ግብር የለም፣ ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከዚያ በላይ 35 በመቶ ነው። አቋራጩ ደመወዝሽን በደረስሽበት እርከን መቶኛ አባዝተሽ ተቀናሹን ማንሳት ነው። ተቀናሾቹ ከ15 በመቶው እርከን ጀምሮ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። ያንቺ 12,000 በ30 በመቶ 3,600 ይሆናል፣ 1,350 ሲነሳ 2,250። በወር 450 ብር ተርፎ ተወስዶብሻል ማለት ነው። ለሕፃን ልጅ እናት ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ በፈቃድ ላይ እያለሁም ግብርና ጡረታ ሲቆረጥብኝ ነበር። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ደመወዝ እስከተከፈለሽ ድረስ ግብሩም 7 በመቶ ጡረታውም ይቀጥላል። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ሳይነሳ በጥቅል ደመወዙ ላይ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል።

ጥያቄ፦ ፈቃዴ ሲያልቅ ያለ ደመወዝ ጨምሬ ቆየሁ፣ ከዚያ በወሩ አጋማሽ ገባሁ። 6,000 ብር ተከፈለኝ፣ ግብሩን የ2,250 ግማሽ ብለው 1,125 ቆረጡብኝ።

መልስ፦ ይህማ ትክክል አይደለም። ግብር የሚታየው በዚያ ወር ባገኘሽው ገንዘብ ነው። 6,000 በ20 በመቶ 1,200፣ 500 ሲነሳ 700 ብር። 425 ብር ይመለስልሽ። ምንም ያልተከፈለሽበት ወር ላይ ደግሞ ግብር የሚባል ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ የአንድ ወር ደመወዝ ፈቃድ ላይ እያለች ሳይከፈል ቀረ። ከተመለሰች በኋላ የሁለት ወሩን 24,000 አንድ ላይ ሰጧት፣ ግብሩ ግን አስደነገጠን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። አሠሪው ዘገየ፣ ዋጋውን የምትከፍለው እናትየዋ ሆነች። ሁለቱ ወራት ለየብቻ ቢሰሉ 4,500 ይሆን ነበር፤ አንድ ላይ ሲጨፈለቁ 6,350። በመሃል 1,850 ብር ሄደ። ከፔይስሊፑ ላይ የግብር መስመሩን ተመልከቱና ውዝፉ የየትኛው ወር እንደሆነ ተለይቶ በየወሩ እንዲሰላላት በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተነገረ ነገር ወር ሲዘጋ ይረሳል። በደብዳቤው ላይ የወሩን ስም፣ ጥቅል ደመወዙንና የተቆረጠውን ግብር ጻፉ፤ ቅጂውንም አስቀሩ።

ጥያቄ፦ እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ባለቤቴ ትንሽ ሱቅ አላት። ወልዳ ሱቁ ሲዘጋ የደረሰባት ኪሳራ ከእኔ ግብር ላይ ይነሳል?

መልስ፦ አይነሳም። በግብር ሕጉ ገቢ በየዓይነቱ ተከፍሏል፤ ያንተ ደመወዝ ሠንጠረዥ ሀ በሚባለው ክፍል ነው፣ የሷ ንግድ ሠንጠረዥ ሐ በሚባለው። ግብር ከፋዮቹም ሁለት ሰዎች ናችሁ፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ጥያቄ፦ ስህተት ካገኘን መጀመሪያ የት እንሂድ? ገቢዎች ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ፔይሮል (የደመወዝ ዝርዝር) የሚሠራው ሰው ጋ። ግብሩን ቆርጦ የሚያስገባው አሠሪው ስለሆነ ማስተካከያውም ከዚያ ይጀምራል። አሠሪው በየወሩ ለግብር ሰብሳቢው በሚያሳውቀው ዝርዝር ላይ ስምሽ፣ ቲን ቁጥርሽ፣ ደመወዝሽና ግብርሽ አለ፤ ያንቺን መስመር እንዲያሳዩሽ ጠይቂና ከፔይስሊፕሽ ጋር አስተያዪው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ቅጂውን ይዘሽ ገቢዎች መሄድ ያኔ ነው።